ስኳር የምትፈራው ኩልሱም

ኩልሱም በዚህ ዓለም ላይ ከምንም ነገር በላይ ስኳር ትፈራ ነበር። ሌባ አትፈራም። ሰክሮ ጠርሙስ የሰበረባትን ጎረምሳ በመጥበሻ አባርራ እስከ ዋናው መንገድ ስታደርሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስኳር ላይ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ናት። በየጠረጴዛው ላይ ያለውን የስኳር ዕቃ የምትሞላው እንደ ፈላ ዘይት እንዳይረጭባት ፊቷን ዞር አድርጋ ነው።

ፉል ቤቷ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከኡራኤል ሲመጡ ወደ ውስጥ በሚገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነበረች። ተማሪዎቹ «ማዘር ቤት» ይሏታል፤ እኛ የሰፈሩ ሰዎች «ኩልሱም ጋ» እንላለን። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጋዜጣ የማነበው እዚያ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ አንዲት ጋዜጣ ግማሽ ቀን ትበቃኛለች።

ስኳርን እንድትፈራ ያደረጋት የባሏ የሸምሰዲን አሟሟት ነው። ሸምሰዲን ከቡታጅራ የመጣ፣ ጨርቅ የሚነግድ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ሻይ የሚጠጣው ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እስኪዘቅጥ ድረስ ነው፤ ስኳሩን የምትጨምርለትም እሷ ናት። መጀመሪያ የእግሩ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። «ጫማ ነው የላጠኝ» አለ። ቁስሏ ጠቆረች። ጣቱን ቆረጡት፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ፤ ከዚያ ከጉልበቱ። ቁስሉን ታጥብ የነበረችው ራሷ ኩልሱም ናት። ሰውየው ካረፈ በኋላ ለቅሶ ቤት ገብቼ አጠገቧ ስቀመጥ፣ «ጋሽ ኃይለማርያም፣ በገዛ ማንኪያዬ ነው የገደልኩት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስኳር ማለት ለእሷ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር ሆነ። «ስኳሩ ተነሳበት» ሲባል እንጂ «ወረደበት» ሲባል ሰምታ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር በሰፈራችን ይህን የሰማ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን አካባቢያችን በግል ኮሌጆች ተሞልቶ፣ ጠዋት ከታክሲ የሚወርደው ሁሉ ተማሪ ሆኖ ነበር። አበላላቸውን ለሚያይ ሰው ያስፈራል። ባዶ ሆዳቸውን ክፍል ይገባሉ። በእረፍት ሰዓት ይመጡና አንድ ፉል አዝዘው ለአራት ይከቡታል። ምሳቸው እርጥብ ነው፤ ዳቦ ውስጥ የድንች ጥብስና ዳጣ ይጠቀጠቅላቸውና እየሄዱ ይበሉታል። ፈተና ሲደርስ እሱም ይቀራል። ሌሊቱን ጫት እየቃሙ ያጠናሉ፤ ጠዋት ከንፈራቸው ደርቆ፣ የምግብ ሽታ አስጠልቷቸው፣ ለስላሳ ብቻ እየጠጡ ይመጣሉ።

ኩልሱም ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ቁርስ በልታችኋል?»

«ማዘርዬ፣ ቁርስ እኮ ለሕፃን ነው» ይላታል ቴዎ። ቴዎ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ የካዛንቺስ ልጅ ነው።

«ታዲያ አንተ ምንህ አደገ? ከቁመትህ በቀር!»

ቤቱ ይስቃል። ስቀው ሲያበቁ ግን ቁጭ ብለው ይበላሉ። ቁጣዋ ለእነሱ እንደ እናት ቁጣ ነበር።

ከነቴዎ ጋር አንድ ኢተፋ የሚባል ልጅ ነበር። ከአምቦ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ መጥቶ ሂሳብ አያያዝ ይማራል፤ የሚኖረውም ኩልሱም ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ተከራይቶ ነው። ዝምተኛ ነው። እኔ በገባሁ ቁጥር ከመቀመጫው ተነስቶ «ይቀመጡ ጋሼ» ይለኛል። ቤቱ በሙሉ ባዶ ቢሆን እንኳ የራሱን ወንበር ነው የሚለቅልኝ።

«ልጄ፣ ወንበር ሞልቷል እኮ።»

«ይሁን ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ካልተቀመጥኩ አይቀመጥም። ወላጆቹን ሳላውቃቸው አከበርኳቸው።

አንድ ቀን ይህ ልጅ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዞ ወደ ኩልሱም ጓዳ ገባ። ያወሩትን የነገረችኝ በኋላ ራሷ ናት።

«ማዘር፣ ይቺን መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ። ሙቀት ያበላሻታል።»

«የምን መድኃኒት ናት?»

«በቃ መድኃኒት ናት።»

«ስሙን የማላውቀውን ነገር ፍሪጄ ውስጥ አላስገባም!»

ልጁ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የስኳር ናት። በመርፌ የምወስዳት። ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ በተለይ ለቴዎ» አላት።

«ቴዎ ምን ያደርግሃል?»

«የሽማግሌ በሽታ ብሎ ይስቅብኛል።»

ኩልሱም ላስቲኩን እንደ ጊንጥ በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ከለስላሳው ጠርሙሶች ኋላ ደበቀችው። ያን ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ ያለወትሮዋ ዕንባዋ ሲወርድ አይቼ ነበር፤ በሽንኩርቱ መስሎኝ ወደ ጋዜጣዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ የኢተፋ ሻይ ያለ ስኳር መጣ። ዳቦውም ቀረ። ለሸምሰዲን «ዳቦም ያው ስኳር ነው» ያለው ሰው ነበርና ያንን ይዛለች።

«ማዘር፣ የኢተፋን ዳቦ ረሱት!» አለ ቴዎ።

«አልረሳሁም።»

«ምነው? ምን በደለ?»

ኩልሱም ዋሸች። «ወፍሯል» አለች።

ኢተፋ ደግሞ በነፋስ የሚወሰድ የሚመስል ከሲታ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቴዎ ተነስቶ የኢተፋን ክንድ በሁለት ጣቱ ይዞ ለሁሉም አሳየ። ኢተፋም አብሮ ሳቀ፤ እንቁላሉን ያለ ዳቦ በማንኪያ በላ። ማታ ጓዳ ሄዶ፣ «ማዘር፣ እኔ እኮ መርፌውን ከወሰድኩ በደንብ መብላት አለብኝ» ብሏት ነበር።

«ብላ፤ ማን ከለከለህ? እንቁላል አለ፣ ጎመን አለ። ዳቦና ስኳር ግን ከእኔ እጅ አትበላም። እኔ አይቼዋለሁ፣ አንተ አላየኸውም።»

የሸምሰዲንን እግር ማለቷ ነው። ልጁ ለሚወዱት ሰው «አይሆንም» ማለት የማይችል፣ ይሉኝታ የሚያጠቃው ስለሆነ አልተከራከራትም። ዳቦ ሲያምረው ውጭ እየገዛ ይበላ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው።

የፈተናው ሳምንት መጣ። እነቴዎ በኢተፋ ክፍል ተሰብስበው ጫት እየቃሙ ያጠናሉ። አንድ ሌሊት ኢተፋ አብሯቸው እየቃመ እራት ሳይበላ አደረ። ጠዋት እንደ ልማዱ መርፌውን ወሰደ፤ ከዚያ ፉል ቤት ገብቶ እንቁላሉን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ገፋው።

«ሆዴ እምቢ አለኝ ማዘር።»

ኩልሱም ሳህኑን ልታነሳ ስትጠጋ የሸሚዙ የደረት ኪስ አበጥ ብሎ አየችው። እጇን ሰድዳ አወጣችው። ከረሜላ ነው፤ አንድ እፍኝ የሚሆን።

«ከረሜላ! አንተ ልጅ ልትገድለኝ ነው?» አለች በሹክሹክታ፤ ለማንም እንዳትናገር የለመናትን አልረሳችም።

«እሱን ይተዉልኝ ማዘር። ሐኪሙ ነው ከኪስህ አይጥፋ ያለኝ።»

«የትኛው ሐኪም ነው ለዚህ በሽታ ከረሜላ የሚያዝ? አታታልለኝ!»

ልጁ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ቴዎ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኢቴ! ና እንጂ፣ ረፈደ፤ በር ሊዘጉብን ነው!» ብሎ ጮኸ። ኢተፋ ቴዎን አየ፤ ኩልሱምን አየ፤ አፉን ዘጋ። እየሮጡ ሄዱ። ኩልሱም ከረሜላውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

አምስት ሰዓት አካባቢ ኢተፋ ከጓደኞቹ ቀድሞ ተመለሰ። ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ብርድ ነው። የልጁ ሸሚዝ ግን ባልዲ ውሃ የደፉበት ይመስል ከገላው ተጣብቋል። ቀጥ ብሎ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ተነስ ከዚህ፣ አንተ ሽማግሌ!» አለኝ።

ካረጀሁ ወዲህ «አንተ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ልጅ ቢሆን መልሱን ከምርኩዜ ያገኝ ነበር። ግን ቀና ብዬ ዓይኑን ሳየው ቁጣው በውስጤ ጠፋና በቦታው ፍርሃት ገባ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ እኔን ግን አያይም። እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህ «ይቀመጡ ጋሼ» የሚለኝ ልጅ አይደለም።

«ኧረ ጫቱ ነው፣ መርቅኗል!» አለ ከኋላው ተከትሎት የገባው ቴዎ እየሳቀ። «ፈተናውንም ግማሹን ትቶ ነው የወጣው!»

«የምን መርቅኖ! ጠጥቶ ነው እንጂ» አለ መርጋ፣ ጥግ ላይ ፉሉን ይበላ የነበረው የላዳ ነጂ። «በጠዋቱ! ጉድ እኮ ነው።»

እኔ ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅኩለት። አልተቀመጠም። ጉልበቱ ከዳው፤ ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ። ብርጭቆው ተሰበረ፤ የስኳር ዕቃውም ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ኩልሱም ከጓዳ ወጥታ አየችውና ጮኸች፤ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም።

«ስኳሩ ተነሳበት! ወይኔ ልጄን! ስኳሩ ተነሳበት!»

«የምን ስኳር?» አለ ቴዎ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ስኳር አለበት! እናንተን ፈርቶ ደብቆ ነው! መርጋ፣ መኪናህን! በፈጣሪ!»

መርጋ ፉሉን ትቶ ሮጠ። ላዳው የቆመው ወዲያ በኡራኤል በኩል ነው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰዓት መኪና በመኪና ላይ ነው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የልጁን ራስ ጭኔ ላይ አደረግኩ። ላቡ ሱሪዬን አረጠበው። ቀዝቃዛ ላብ ነው። ጎረቤት ሱቅ ያላት መብርሂት ጩኸቱን ሰምታ ሎሚ ይዛ ደረሰች።

«ሎሚ አጠጡት! ስኳርን የሚገድለው መራራና ኮምጣጣ ነው!»

የልጁ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ስ... ኳር» አለ።

«አዎ ልጄ፣ ስኳር ነው፤ አውቀናል» አለችው ኩልሱም ግንባሩን እየጠረገች። «አይዞህ፣ መኪና እየመጣ ነው።»

«ስኳር...»

«እየሰማችሁት ነው? በሽታውን እየተናገረ ነው እኮ!» ብላ መብርሂት አለቀሰች።

የልጁ እጅ ወለሉን እየዳበሰ ወደ ወደቀው የስኳር ዕቃ ሄደ። ኩልሱም አየችና በእግሯ ገፍታ አራቀችበት። መርዝ ነው ያራቀችለት፣ በእሷ ቤት።

እጁ ተመለሰ። ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ወጣ፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ገባ። ጣቶቹ ባዶውን ኪስ ቆንጠጥ አድርገው ወጡ። ምንም አልያዙም። እንደገና ገቡ። እንደገና ባዶ ወጡ። ኩልሱም ያንን እጅ ፈዝዛ ታያለች። የእሷም እጅ ሳታውቀው ሽርጧ ኪስ ላይ ሄዶ አረፈ፤ የከረሜላው ልባስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።

«ጋሽ ኃይለማርያም» አለችኝ። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው። «ይሄ ልጅ የበሽታውን ስም እየነገረን አይደለም። እየለመነኝ ነው።»

«ምን?»

«ስኳር ስጡኝ እያለ ነው። ጠዋትም ሐኪሙ ያዝ ብሎኛል ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የቀማሁት።»

«አብደሻል!» አለች መብርሂት። «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር? ሸምሰዲንን የገደለው ምንድን ነው?»

የሸምሰዲን ስም ሲጠራ ኩልሱም በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ አለች። ብትሰጠውና ቢሞት፣ ሁለተኛው ሰው በእጇ ሞተ ማለት ነው፤ ያውም የሰው ልጅ፣ አደራ። ባትሰጠውስ? የልጁ ዓይን ወደ ላይ መገልበጥ ጀምሯል። ከውጭ የመርጋ ጥሩምባ ይሰማል፤ ግን ከሩቅ ነው፤ አይቀርብም።

«ምን ላድርግ ይሉኛል፣ ጋሽ ኃይለማርያም?»

እኔም አላውቅም ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ራሱ ልጁ ብቻ ነው።

«የጠየቀሽን ስጪው» አልኳት።

ሞቅ ያለ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ ስኳር ጨመረች። የመጀመሪያው ማንኪያ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። እንደገና ጨመረች። ስኳሩ ከሥር እስኪዘቅጥ ድረስ፣ ልክ እንደ ሸምሰዲን ሻይ። «ያ አላህ፣ በዚህ ማንኪያ ሁለተኛ ሰው አታስገድለኝ» ትላለች እያማሰለች። እኔ ልጁን ከወገቡ ቀና አድርጌ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት፤ ቴዎ እያለቀሰ አገጩን ያዘው። በማንኪያ ጫፍ ጠብ አደረገችለት። የመጀመሪያው በአገጩ ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። በሦስተኛው ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ።

«ዋጠ!» አለ ቴዎ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እየጠበቅን ነው፤ የምንጠብቀው ምን እንደሆነ ግን አናውቅም። መብርሂት ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍናለች። ኩልሱም ጠብ ታደርጋለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ጠብ ታደርጋለች። ልጁ አሁን የብርጭቆውን ጠርዝ በከንፈሩ ያዘ። ራሱ ሳበው። ጀርባው ደረቴ ላይ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ተሰማኝ፤ አቆመ ማለት ደህና ነው ወይስ ሞቷል ብዬ ጆሮዬን ወደ አፍንጫው አስጠጋሁ።

ዓይኑን ገለጠ። ወደ ኩልሱም አየ፤ ወደ ቴዎ አየ፤ ዞር ብሎ እኔን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሲያገኘኝ ግራ ገባው።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፤ «መሬት ላይ ምን ያደርጋሉ? ወንበር ላይ ይቀመጡ እንጂ።»

ያኔ ኩልሱም ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ጮኻ አለቀሰች።

መርጋ ደርሶ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ አስረዳችን። መድኃኒቱ ስኳሩን የሚያወርድ ነው፤ ሰውየው ካልበላ ከልክ በላይ ይወርዳል። ለኢተፋም እራት ሳይበሉ ማደር፣ በባዶ ሆድ ጫት፣ ቁርስ ገፍቶ ፈተና መግባት ምን እንዳደረገው ነገረችው። እሱ አንገቱን ደፋ።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አለቻት ኩልሱም። «ሲወጣም ስኳር፣ ሲወርድም ስኳር ነው ስሙ?»

«አዎ እናቴ።»

«ታዲያ እንደኔ ያለ ሰው በምን ይለየው?»

«ጣቱን ወግተን በመሣሪያ ነው የምንለየው። መሣሪያ ከሌለና መዋጥ የሚችል ከሆነ ግን ስኳር ይስጡት። የወጣው ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ የወረደው አይጠብቅም።»

ከክፍሉ ስንወጣ ቴዎ ኢተፋን ትከሻውን በቡጢ መታው።

«ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ ነዋ።»

«እስቅብህ ነበር። ግን ከረሜላ እይዝልህ ነበር።»

በማግስቱ የኢተፋ ዳቦ ተመለሰ፤ እስኪጨርሰውም ኩልሱም ከላዩ ቆማ ትጠብቀው ጀመር። እነቴዎም ያለ ቁርስ ፈተና የሚገባ ካለ ኩልሱም በሩ ላይ ቆማ ትይዘዋለች ብለው ስለፈሩ፣ ሳይወዱ በግድ በጊዜ መምጣት ለመዱ። የእሷ ፍርሃት ግን አልቀነሰም፤ እጥፍ ሆነ። ድሮ መውጣቱን ብቻ ነበር የምትፈራው፤ አሁን መውረዱንም ትፈራለች። አንድ ተማሪ ሲደክመው ጠረጴዛው ላይ ራሱን ደፋ ካደረገ ማንኪያ ይዛ ትሮጣለች። የሽርጧ ኪስ በተራመደች ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ኢተፋ ተመርቆ ሥራ ያዘ፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራየ። ኩልሱም ሞባይል የገዛችው ለእሱ ብላ ነው። ጠዋት ፉሉ ከመቅረቡ በፊት ትደውልለታለች።

አንድ ጠዋት ደወለች፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች። አያነሳም። የቤቱ ጫጫታ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ያን ቀን የነበሩትም ያልነበሩትም ተማሪዎች ታሪኩን ያውቁታል። እሳቱን አጥፍታ ነጠላዋን አነሳች። «መርጋን ጥሩልኝ» አለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እኔም ምርኩዜን ይዤ ተነስቼ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ማዘር፣ ገላዬን እየታጠብኩ እኮ ነበር! ምን ሆኑ?»

ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ።

«በላህ?» አለችው።

«አሁን እየበላሁ ነው።»

«ምን?»

«ዳቦ። በእንቁላል።»

«አላምንህም። ስታኝክ አሰማኝ።»

«ማዘር!»

«አሰማኝ ብያለሁ!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና በሩ መካከል ቆመች። ሊገቡ የመጡ ተማሪዎች ውጭ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እኔም ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ። ማንም አልሳቀም፤ ቴዎም ቢኖር የሚስቅ አይመስለኝም። ኩልሱም ልጁ ጉርሻውን አኝኮ እስኪውጥ ድረስ አዳመጠችው።